በመጀመሪያው ጥሪ

ጥድፊያ እና ዝግታ መንትዮች ናቸው። እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ እናታቸው ያወጣችላቸው ቅጽል ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለተጠሩበት፣ ሰው በመታወቂያ ስማቸው ሲጠራቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ጥድፊያ በሰባት ደቂቃ ትበልጣለች። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ዕድሜ ልኳን ስትኮራ ኖራለች። ዝግታ ደግሞ «እሷ ከወጣች በኋላ ቦታው ሰፋልኝ፤ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ነው» ትላለች።

ሁለቱም የአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻኖች ናቸው። ጥድፊያ ከተማው መሃል ስቱዲዮው ውስጥ ትሠራለች። ዝግታ ከከተማው ማዶ ኮረብታው ላይ፣ ማሠራጫው ባለበት ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ድምፁ ከስቱዲዮው ተነስቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ ኮረብታው ደግሞ ለሰማዩም ለምድሩም ይበትነዋል። በዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊበተን የተዘጋጀው የእናታቸው ድምፅ ነበር።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳያውቅባት፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ በምትቆርጥባቸው የቅድ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ድራማ ስትጽፍ ኖራለች። ስለዚህ የእሷ ድራማ እንደ ሰው ድራማ ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት አይልም። የመጀመሪያው ትዕይንት እጅጌ ላይ ነው። ሁለተኛው አንገትጌ ላይ ይጀምርና ቦታ ስላነሰው ኪስ ላይ ያልቃል። የሁሉንም ሰው ድምፅ የምታወጣው ራሷ ናት፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማራትም። ልጆቿ ትንንሾች ሳሉ ከልብስ መስፊያው መኪና ሳትነሳ ትጣራለች፤ እነሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ሦስት ጊዜ ተጣርታ ሲሰለቻት በእነሱ ድምፅ ለራሷ ትመልሳለች። «አቤት እማዬ! መጣሁ እማዬ! ምን ልታዘዝ እማዬ!» ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ መጥተው በሳቅ ሆዳቸው እየተነፋ የሚለኩት ልክ ይበላሽ ነበር።

የጣቢያው አለቃ እጅጌውንና አንገትጌውን አንብቦ ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል በጠረጴዛው ተረፈ። ግማሽ ሰዓት ሰጣት። «ግን ልንገርዎት እትዬ» አላት። «ያለን የዛሬው ብቻ ነው። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ሰዓቱ ለስፖርት ተሰጥቷል። ኳስ ከመጣ በኋላ ደግሞ እኔም ራሴ ቦታ አላገኝም።»

እንግዲህ ጉድ የፈላው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። በስቱዲዮውና በኮረብታው መካከል አንድ ፎቅ ሲሠራ ከርሞ ነበር። ጠዋት ላይ ሠራተኞቹ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የውሃ ታንከር በገመድ ጎትተው ጣራው ላይ ጉብ አደረጉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮረብታውን እያየ ድምፁን ሲልክለት የኖረው የስቱዲዮው ሳህን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያየው የታንከር ሆድ ሆነ። ኮረብታው ላይ ድምፅ ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ዘፈን አለ፤ እሱ ተነሳና መዝፈኑን ቀጠለ።

ጥድፊያ ጣራ ላይ ወጥታ አይታ ወረደች፤ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለች።

«ዋሻ እንቆፍራለን!» አለች።

እናቷ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ የመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ራሷ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ሬዲዮ እንደማያሳይ ቢነገራትም «ድምፄ ያውቀዋል» ብላለች። «አካፋ ከየት ልታመጪ ነው?» አለቻት።

«በኢንተርኔቱ ውስጥ ነው እማዬ። ለሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ የሚሆን የተሸፈነ መንገድ። ድምፅሽ በዚህ አፍ ይገባል፣ ዝግታ ጋ ባለው አፍ ይወጣል። መሃል ላይ ታንከር ይቁም፣ ተራራ ይቁም፣ ማን ጉዳዩ!»

ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነበር። ጥድፊያ ዝግታን በስልክ ጠራቻትና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሁለቱም ኮምፒውተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተም የዩኒክስ ዘመድ ነው። እንደ ሌሎቹ በሥዕልና በቀለም አያባብልም፤ ጥቁር መስኮት ይከፍትና የሚጻፍለትን ይጠብቃል። ትእዛዙ ትክክል ከሆነ ዝም ይላል። ስሕተት ከሆነም፣ ሰዋስው እስካልተበላሸበት ድረስ፣ ያው ዝም ይላል። ጥድፊያ ይህን ጠባዩን ትወድለት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

መጀመሪያ የውጪዎቹን አድራሻዎች፣ ማለትም መስመር ያስገባላቸው ድርጅት ለየቦታው በወረቀት ጽፎ የሰጣቸውን ቁጥሮች አስገቡ። እዚያ ላይ ስሕተት የለም፤ እያንዳንዷ ከፊቷ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ገለበጠች። ቀጥሎ የሚመጣው የዋሻው የውስጥ ስም ነው። ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የራስ፣ ሁለተኛው የማዶኛው።

«ዝግታ፣ እኔ የምልሽን አንድ በአንድ ጻፊ። አንዲት ነጥብ እንዳትቀይሪ!»

«መቼ ቀይሬ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። እነዚህ ልጆች አንድ ልብ መካሪ፣ አንድ ቃል ተናጋሪ ሆነው ነው ያደጉት። እናታቸው ጠብ ስለሰለቻት ቤቱን በአንድ ሕግ ነበር የምታስተዳድረው፤ እኩል። አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንዷ ጥርሷ ሲያማት ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት አንዷ ስትሳሳት ሌላዋም እዚያችው ጥያቄ ላይ ትሳሳታለች፤ አስተማሪው መሃላቸው ወንበር አስገብቶ ቢሞክርም ዋጋ አልነበረውም።

«አሥር፣ ነጥብ፣ ዘጠኝ፣ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ አንድ። ክፍት ቦታ። አሥር፣ ነጥብ፣ ዘጠኝ፣ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ ሁለት። አስገባሽ?»

«ቆይ... ነጥብ... ሁለት። አስገባሁ። ዝም አለ።»

«እሰይ! እኔም ጋ ዝም አለ። በይ አሁን ጥሪኝ፤ እኔ አንድ ነኝ።»

ፒንግ የሚሉት ትእዛዝ አለ። ሥራው መጥራት ነው። አንዱ ኮምፒውተር «አለህ?» ይላል፣ የተጠራው «አለሁ» ይላል፤ ጥሪው ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜም ከጎኑ ይጻፋል። ዝግታ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያልተለመደ ነገር ተሰማ፤ ዝግታ ጮኸች።

«መለሰች! መለሰች! እየደጋገመች ትመልሳለች!»

ጥድፊያ ጮቤ ረገጠች። እናቷን ከወንበሯ አንስታ ክፍሉን ሁለት ጊዜ አዞረቻት። ድምፅ እንዲውጥ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት የእንቁላል ትሪዎች አንዱ ተገንጥሎ ጥድፊያ ራስ ላይ ወደቀ፤ እንደ ባርኔጣ ይዛው ዞረች። አለቃው ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ እጁን እያጨበጨበ ተቀላቀላቸው፤ በኋላ ነው «ምን ሆነን ነው?» ያለው።

ጥድፊያ የስቱዲዮውን ድምፅ ወደ ዋሻው ለቀቀችው። «ዝግታዬ፣ ይሰማሻል?»

«ኧረ ምንም።»

«አሁንስ?»

«ዘፈኑ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ዘፋኙም ደከመው መሰለኝ።»

ጥድፊያ ማይክሮፎኑን ነቀለች፣ ሰካች። ገመድ ቀየረች። ድምፁን የሚልከውን ፕሮግራም አጥፍታ አስነሳች፤ አሁንም አጥፍታ አስነሳች። ጠረጴዛው ስር ገብታ ስትወጣ ግንባሯን መታች። ዋሻው ይሠራል፤ እህቷ ጠርታ መልስ አግኝታለች። ታዲያ ድምፁን ምን ዋጠው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ያፈሰሰችው ምን እንደሆነ እንኳን አላወቀችም። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ቀና ስትል እናቷ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ፌስታሉ ስትመልስ አየቻት። መጀመሪያ ኪሱን፣ ከዚያ አንገትጌውን።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«ግድ የለም ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠ ወረቀት አይሻግትም። አትጨነቂ፣ ግንባርሽ አብጧል።»

ጥድፊያ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። እናቷ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ግድ የለም ስትላት ፊቷን ወደ ገመዶቹ መለሰች። ለሰው ሁሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት አንድ ግማሽ ሰዓት ብታገኝ፣ እሱንም ልጇ በገመድ አንቃ ልትገድልባት ነው።

እናቷ የመጨረሻውን ወረቀት፣ እጅጌውን፣ ልታጥፍ ስትል ቆም አለች። ስልኩን አየችው።

«ዝግታ፣ አንቺ፣ ቅድም እህትሽን ጠራኋት ብለሽ የጮህሽው ምን ነበር?»

«ጠራኋታ። መለሰች።»

«እስቲ አሁንም ጥሪያት።»

ከስልኩ ውስጥ ቁልፍ ሲመታ ተሰማ። «ጠራሁ። መለሰች።»

«መቼ ጠርተሽ መቼ መለሰች?»

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ሚሊ ሰከንድ ይላል።»

«በእኔ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«እ... ዐይን ሳይርገበገብ። ከዚያም በታች። የጠራሁት አፌ ውስጥ እያለ እንደ ማለት ነው።»

እናቷ ወገቧን ያዘች። «ታዲያ እህትሽ ናት ይሄን ያህል ቸኩላ የመለሰችው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርቻችኋለሁ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ያለኝ አለ? ጠርቼ ሳልጨርስ አቤት የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔው ነኝ! እሷ ኮረብታው ላይ ሆና እየጠራች ለራሷ እየመለሰች ነው።»

 አለቃው የወደቀውን የእንቁላል ትሪ አንስቶ ይዞ ቆሟል። የጥድፊያ ዐይን ከጥቁሩ መስኮት ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ዝግታ» አለች ቀስ ብላ፤ ቀስ ብላ ስትናገር ያ በሕይወቷ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጊዜ ቢሆን ነው። «አንቺ ጋ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ነው የሚለው? የራስ የሚለው?»

«አንቺ ያልሽኝ ነዋ። አንድ።»

«እኔም ጋ እኮ አንድ ነው!»

«ታዲያ እኩል ነን፤ ምን ያስጮህሻል?»

«ሁለታችንም አንድ ነን ማለት ነው! አንድን ስትጠሪ የምትመልስልሽ ያንቺው ኮምፒውተር ናት። ድምፁን የምልከው ደግሞ ለሁለት ነው፤ ሁለት የሚባል ሰው በዓለም ላይ የለም!»

እናቷ እጅጌውን ብድግ አድርጋ በልጇ ፊት ዘረጋችው። የመጀመሪያው ትዕይንት በእርሳስ ተጽፎበታል። «ሁለት ቀኝ እጅጌ ቆረጣችሁ!» አለች። «አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ላይ ያደረግሽውን ረሳሽው? አርባ ሸሚዝ! ወረቀቱን እንዳለ ጨርቁ ላይ እያስቀመጥሽ ሁሉንም ቀኝ አደረግሽልኝ። ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ልጆቹ ግራ እጅ የላቸውም እንዴ ያልሽኝ?»

«ከዚያ በኋላ ያልኩሽን።» እጅጌውን ገለበጠችው። ጽሑፉ ተሰወረና ባዶው ጀርባ፣ ያው ቅርጽ፣ በሌላ አቅጣጫ ተዘረጋ። «ለማዶው ገልብጪው!»

ጥድፊያ እናቷን ግንባሯን ሳመቻት፤ አለቃውንም በስሕተት ሳመችው። «ዝግታ! አጥፊውና ገልብጠሽ ጻፊ! አንቺ ሁለት ነሽ፣ እኔ አንድ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ!»

«ለምን እኔ ሁለት እሆናለሁ?»

«ዝግታ!»

«ያቺ ሰባት ደቂቃ ዋሻ ውስጥም ገባች?»

«ዝግታ፣ በእናትሽ!»

«እየጻፍኩ ነው። አሥር... ነጥብ...»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ያወጣ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አልነበረውም። የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ አራት ደቂቃ ጉዳይ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ሆነ። ከስልኩ የሚሰማው የአንዲት ጣት ኮቴ ነው። ጥድፊያ የአለቃውን ክንድ ጨምቃ ይዛለች፤ አለቃውም እያመመው አላስለቀቃትም።

«ነጥብ... አንድ። አስገባሁ። ዝም አለ።»

በዚህ ጊዜ የጠራችው ጥድፊያ ናት። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሁለት። ቁልፉን መታችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። መስኮቱ ባዶ ነው። ከዚያ አንዲት መስመር ወረደች።

«ሠላሳ ስምንት!» ብላ ጮኸች። «ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሰከንድ! ዘገየች! እማዬ፣ ዘገየች!»

«ቅድም ከተባለው ይበልጣል?» አለች እናቷ።

«ሺህ ጊዜ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም!»

«እሷ ናት!» አለች እናቷ እያጨበጨበች። «የኔ ልጅ ናት! እንደ ልማዷ ነው የመጣችው!»

ጥድፊያ ድምፁን ለቀቀችው፤ ኮረብታው ላይ ዘፈኑ አንገቱ ላይ ተቆረጠ። «ኧረ ይሰማኛል!» አለች ዝግታ። «ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል! የእማዬ ፌስታል ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። እናቲቱ ወረቀቶቿን አቅፋ ወደ መስታወቱ ማዶ ወደ ማይክሮፎኑ ክፍል ሮጠች። በሌላ እጇ ስልኩን ይዛ «ዝግታዬ፣ በርቺ፣ እንዳትተኚ» ትላለች። ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና አንገትጌውን ጣል አደረገችበት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስታወሰውም። መነጽሯን አደረገች። አለቃው በመስታወቱ በኩል ጣቱን አነሳ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ቀዩ መብራት በራ።

እናቲቱ እጅጌውን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ መነጽሯ አስጠጋችው።   

ድራማው የሚጀምረው አንዲት እናት ልጇን ስትጣራ ነው። በእጅጌው ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ ሦስት ጊዜ ትጣራለች፤ መልስ የለም። በአራተኛው በልጅቷ ድምፅ ለራሷ ትመልሳለች፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይስቃል። እናቲቱ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«አንቺ ልጅ!»

ቀጥሎ የተጻፈው ዝምታ ነበር። ድምፁ በዋሻው ሄደ፣ ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ዝግታ ጆሮ ላይ ካለው ማዳመጫ ደረሰ። ዝግታ ድራማ መሆኑን ረስታ ይሁን ሆነ ብላ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ከአንገትጌው ስር፣ ከስልኩ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አቤት እማዬ!»

አለቃው ራሱን ያዘ። ጥድፊያ ከወንበሯ ተነሳች። ስልኩን ለማጥፋት በሩን ከፍቶ መግባት አለ፤ በሩን መክፈት ደግሞ ለአድማጭ ሁሉ ይሰማል። እናቲቱ ወረቀቱን እያየች ቀረች። ሁለተኛውን ጥሪ ልታነብ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። መነጽሯን አወለቀች። 

«ወቸ ጉድ!» አለች እናቲቱ ለሀገር ሁሉ። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«እኔ እንጃ እማዬ» አለች ዝግታ ከኮረብታው ላይ፤ እንደ ልማዷ ዘግየት ብላ። «እዚህ በመስኮቱ በኩል ነው የምትታየኝ።»

አለቃው አፉን በእንቁላል ትሪው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታያል። እናቲቱ እጅጌውን ገልብጣ፣ ባዶ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀና ብላ በመስታወቱ በኩል ታላቂቱን ልጇን አየቻት።

«ያቺ ታላቅሽስ? ያቺ ጥድፊያ የት ሄደች?»

የመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን አለ፤ ለአየር ሳይሆን ለሥራ ነው። ጥድፊያ ወደ አየር የሚያወጣውን ቁልፍ ታውቀዋለች። ተጫነችው፤ ሁለተኛ እስክትጠራ አልጠበቀችም።

«አቤት!»

ግማሽ ሰዓቱ እንዲሁ አለቀ። ከመጀመሪያዋ ጥሪ በቀር በእጅጌው ላይ ከተጻፈው አንድ መስመር እንኳን አልተነበበም፤ አንገትጌውም ስልኩ ላይ እንደተኛ ቀረ። እናቲቱ ትጣራለች፤ አንዷ ከመስታወቱ ጀርባ፣ አንዷ ከኮረብታው ላይ ይመልሳሉ፤ ትቆጣለች፣ ይከራከራሉ፣ ታስቃቸዋለች። የጣቢያው ስልክ «ልጆቹን የሚሠሩት ሁለት ተዋንያን እነማን ናቸው?» በሚሉ ሰዎች ሲጮህ ቆየ። እናታቸው በዚያን ቀን ለራሷ አንድ ጊዜም አልመለሰችም።